ስምንተኛው ቤትና የወርቄ እናት

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዕር መያዝ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁ፣ ያውም አምስተኛን ሁለቴ ተምሬ። ፊደሌ ይወላገዳል፣ አራት ነጥቡን የት እንደማሳርፈውም ይጠፋኛል። የተማረ ሰው እጅ ከገባ አደራ እንዳይስቅብኝ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፣ ግን የወርቄ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። እሷም «ቅናቴም ሳይቀር ይጻፍ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ወርቄ የዳባት ልጅ ናት። ባል አግብታ ነው ደባርቅ የገባችው። ባሏ ቢራራ በቅሎ አለው፤ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ሰሜን ተራራ ላይ ጊች ይወጣል፣ ሲቀናው በሳምንቱ ይመለሳል፣ ሳይቀናው አሥር ቀን ይቆያል። እሷ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የደባርቅ ግቢ የጽዳት ሠራተኛ ናት። የአስተዳደር ሕንፃው አንደኛ ፎቅ፣ አሥራ አራት ቢሮና አንድ ደረጃ፣ የእሷ ድርሻ ነው። ሥራዋን የሚነቅፍ የለም። የወለወለችው ወለል መልክ ያሳያል። አንድ ጉድ ብቻ ነበረባት። ዘጠነኛው ቢሮ በር ላይ «መምህርት የትናየት አገኘሁ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሌላውን በር ሰሌዳ ሁሉ ስትወለውል ያችን ትዘላታለች። አቧራው እላዩ ላይ እንደ ዱቄት ተነፍቶ ይከርማል።

ነገሩ ከሥር ነው የሚጀምር። የየትናየት ወላጅ እናት እሷን በወለደች በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። አባቷ አገኘሁ ወታደር ነበር፣ ያን ጊዜ ግንባር ላይ ነው። የጎረቤቱ ወይዘሮ ዓለምዬ፣ የወርቄ እናት ማለት ናት፣ ወርቄን ወልዳ ገና አራት ወሯ ነበር። ያችን እናት የሌላትን ሕፃን አንስታ ታቀፈች። ግራ ጡቷን ለወርቄ፣ ቀኝ ጡቷን ለየትናየት ደለደለች። ኋላ አባትየው ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቄሱም ተጠሩ። ዓለምዬ ጡቷን ማር ቀብታ በሰው ፊት አጠባቻትና «ከዛሬ ወዲያ የጡት ልጄ ናት፣ ከማሕፀኔ ልጅ አትለይም» አለች። በእኛ አገር ይኸ ቀልድ አይደለም። የጡት ልጅ ይወርሳል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ የጡት እህቱን አያገባም።

ሁለቱ እስከ አሥር ዓመታቸው በአንድ ቁርበት ላይ ተኙ፣ አንድ ትምህርት ቤትም ሄዱ። አገኘሁ ከጦርነት አልተመለሰም። በአሥር ዓመታቸው የየትናየት አክስት ከጎንደር መጣችና «የወንድሜን ልጅ ላስተምራት» ብላ ወሰደቻት። ወርቄ አውቶብሱ እስኪጠፋ ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆማ አየች። እሷን ማን ይውሰዳት? በዓመቱ ከአራተኛ ክፍል ወጣች፣ በአራት ዓመቱ ተዳረች።

«ወተቱን ተካፈልን፣ ትምህርቱን ግን ብቻዋን ጠጣችው» ትላለች ወርቄ እስከ ዛሬ።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ነጎደ። ዩኒቨርሲቲው ደባርቅ ላይ ግቢ ከፈተ፣ ዳባትም ላይ አንድ ትንሽ ግቢ ጨመረ። አንድ ቀን ጠዋት ወርቄ ባልዲዋን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ከኋላዋ ወደ ላይ ትመጣለች። በዓይኗ አወቀቻት፤ የትናየት ናት። ምን እንደነካት እንጃ፣

«እንደምን አደሩ፣ መምህርት» አለቻት።

ሴትዮዋ ክው ብላ ቆመች። «በስመ አብ! አንች! ወርቅዬ አይደለሽም? እኔን ነው አንቱ የምትይኝ?» አለችና ባልዲውን ሳታይ ተጠመጠመችባት። ውኃው በሁለቱም እግር ላይ ፈሰሰ። የትናየት ሳቀች። ወርቄ ግን ያን ደረጃ እንደገና መወልወል ነበረባት።

ይኸ ባልከፋ። የትናየት በዚያው ሳምንት ዳባት ወርዳ የወይዘሮ ዓለምዬን ጉልበት ስማ፣ «ጉልበትሽን ሐኪም ይየው፣ ለሳምንት እኔ ዘንድ ሁኝ» ብላ ወደ ደባርቅ አመጣቻት። ሳምንቱ ዘጠኝ ወር ሆነ። ወርቄ እናቷን በየጊዜው «ነይ እኔ ዘንድ» ስትላት «ያንች ቤት ጢሱ ዓይኔን አጠፋው» እያለች ዳባት ነበር የምትመለስ። አሁን መምህርት ዘንድ ተደላድላ ተቀመጠች። ነጠላዋ አዲስ፣ ጫማዋ አዲስ። ሰው ሲጠይቃት «ልጄ መምህሯ ገዛችልኝ» ትላለች። ወርቄ ይኸን በሰማች ቁጥር መንገድ ቀይራ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ቤቱ ነገር ልምጣ፤ የዩኒቨርሲቲውን አሠራር ሳልነግራችሁ ግን አይገባም። ፕሬዚዳንቱም ሴኔቱም ያሉት ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በዋናው ግቢ ነው። የእኛ ግቢ አንድ ዲን አለው፣ አቶ ሀብተ ሚካኤል፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ለሰሌዳ መጻፊያ እስክሪብቶ እንኳ ደብዳቤ ጽፎ በሰርቪስ ይልካል። ሰርቪሱ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ ወረቀታችንን ይዞ ይሄዳል፣ የእነሱን ይዞ ይመጣል። መምህራኑ ደግሞ ደባርቅ አልበረክት አሉ። ብርዱ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት ዋናው ግቢ መምህራንን ለማቆየት አንዳንድ ነገር አሰበ። ለደባርቅ ስምንት መኖሪያ ቤት አሠራ፣ ለዳባት አንድ አውቶብስ መደበ፣ መወሰኑን ግን ለራሱ አስቀረ።

ዳባቶች «እነሱ ሲተኙ እኛ እንንከራተት!» ብለው አኩረፉ ይባላል።

ቤቱ የሚሰጠው በነጥብ ነው። የአገልግሎት ዘመን ነጥብ አለው፣ የትምህርት ደረጃ ነጥብ አለው፣ አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ነጥብ አለው። ነጥቡን የሚቆጥር አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ዲኑ ሰብሳቢ፣ ደርቤ የሚባለው የሰው ሀብት ኃላፊ፣ አንድ የመምህራን ተወካይ፣ አንዲት የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ፣ አምስተኛ ደግሞ ከአስተዳደር ሠራተኛው የሚመረጥ። ሠራተኛው ተሰብስቦ ወርቄን መረጠ።

«ለምን እኔን?» ብትል አንዱ ጥበቃ «አፍሽ ስለማይከፈት ነዋ! የሰው ምሥጢር አይወጣብሽም» አላት፤ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች።

እሷ ግን ስብሰባው ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ፈልጋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እጇን እስከ ግማሽ አነሣች። «ለጽዳት ሠራተኛስ ቤት የለም?» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ ሳይሰማ። አቶ ሀብተ ሚካኤል አንገቱን ደፍቶ «ለአስተዳደር ሠራተኛ መመሪያ አልወረደም፣ ወይዘሮ ወርቄ» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። የሃያ አንድ መምህር ማመልከቻ ሲነበብ፣ ነጥቡ ሲደመር፣ እጅ ሲወጣ እሷም አብራ ታወጣለች።

ሰባቱ ቤት ያለ ክርክር አለቀ። ስምንተኛው ላይ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ለእሱ ሁለት መምህራን ቀርበዋል። አንደኛው ታደለ የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፣ ሚስቱ አራስ ናት፤ ነጥቡ ሃምሳ ዘጠኝ። ሁለተኛዋ የትናየት ናት፤ ነጥቧ ስልሳ አንድ። የዲኑ ጸሐፊ ሕሊና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፣ ቅጹንም የምታነብ እሷ ናት።

«መምህርት የትናየት አገኘሁ። አገልግሎት፣ ስምንት ዓመት። አብራ የምትኖር ጥገኛ፣ እናት፣ ወይዘሮ ዓለምዬ ላቀው። ለዚህ አራት ነጥብ...»

«የኔ እናት ናት!»

ሁሉም ዞረ። ወርቄ ቆማለች። መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

«ምን አልሽ?» አለ ደርቤ።

«ዓለምዬ ላቀው የኔ እናት ናት። የወለደችኝ። የእሷ እናት ሞታለች፣ ዳባት ነው የተቀበረችው፣ ሂዱና ጠይቁ» አለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነገረ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ክርክሩ ተነሣ። የትናየት ተጠርታ መጣችና በር ላይ ቆማ «የጡት እናቴ ናት። ሌላ እናት አላውቅም። ቅጹ እናት ሲል ማንን ልጽፍ ነበር?» አለች። ወደ ወርቄ አላየችም። ስትወጣ ግን በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ እንደ ሐዘን ቤት በር።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ «የጡት እናት እናት ናት፣ ይኸን የአገሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል» አለች። ዲኑም ከእሷ ጋር ሆነ። ደርቤ «መመሪያው የወጣው ሴኔት ላይ ነው። እዚያ ማር የሚያውቅ ሰው የለም። ማስረጃ ካልተያያዘ ዋናው ግቢ ይመልሰዋል» አለ፤ የመምህራን ተወካዩ ከእሱ ጎን ቆመ። ሁለት ለሁለት።

«እንግዲህ አምስተኛዋ ወይዘሮ ወርቄ ናት» አለ የመምህራን ተወካዩ።

ደርቤ ሳቅ አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ዘመድ የሆነ ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም። የትናየት የጡት እህቷ ከሆነች ወርቄ መውጣት አለባት።»

«ዘመዷ ከሆነች እኮ እንግዲያው እናትየውም እናቷ ናት ማለት ነው!» አለች ተጠሪዋ።

አቶ ሀብተ ሚካኤል መነጽሩን አወለቀ። ከመሳቢያው አንዲት ወረቀት አወጣና በወርቄ ፊት አኖረ።

«ወይዘሮ ወርቄ፣ ይህ ቅጽ ‹ከአመልካቿ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም› ይላል። ከፈረሙበት ድምፅ ይሰጣሉ፣ የእናት ነጥቧም በዚያው ይቀራል፣ ቤቱ ለመምህር ታደለ ነው። እህቴ ናት ካሉ ደግሞ ይወጣሉ።»

«እህቴ ናት ብላ በአፏ ካለችና ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ ያው ማስረጃ ነው፤ እኔም ሌላ አልጠይቅም፣ እጄን አወጣለሁ» አለ ደርቤ።

«ነገ ዓርብ ነው» አለ ዲኑ፤ «ቃለ ጉባኤው በሦስት ሰዓት ሰርቪስ መሄድ አለበት። በሁለት ሰዓት እንሰብሰብ። እስከዚያ ያስቡበት።»

ወርቄ ወረቀቷን አጥፋ ጉያዋ ከተተች። የአራተኛ ክፍሉ ፊደል ጠፍቶባት፣ ፊርማ ከተማረች ገና ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት አውራ ጣቷን ነበር የምታስነካ። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ታደለ ቆሟል። ወሬው ደርሶታል። «እሜቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እውነቱን ስለተናገርሽ» አላት። ደስ ሊላት ሲገባ እንደ እሾህ ወጋት። ለእሱ ብላ አይደለማ!

ወደ ቤቷ ልትሄድ ነበር የተነሣች። እግሯ ግን ሳታዝዘው ወደ የትናየት ኪራይ ቤት አቀና። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፣ የሊማሊሞ ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ውስጥ ስታይ እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የትናየት መሬት ላይ ተንበርክካ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የእናቷን እግር በጨው ውኃ ታጥባለች።

ወርቄ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የዋለ እጇን አየች። ለዚያ ሁሉ ሰው ወለል ስታጥብ የእናቷን እግር ያጠበችበት ቀን ትዝ አላላትም። ይኸ ነው ከሁሉ የባሰባት።

«ማነው?» አለች ዓለምዬ።

«እኔ ነኝ።»

«ግቢያ! ወይስ እንደ ልማድሽ ደጅ ላይ ቆመሽ ‹ደህና ነሽ?› ብለሽ ልትሄጅ ነው፣ እንደ መብራት ቆጣሪ አንባቢ?»

የትናየት ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ዋጠችው። ወርቄ ገባች። አልተቀመጠችም።

«እማ፣ ስንት ልጅ ነው ያለሽ?»

«ምን ያለው ጥያቄ ነው? ቆጠራ መጣ እንዴ?»

«ንገሪኝ።»

ዓለምዬ እግሯን ከውኃው አወጣች። ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «ሰምቻለሁ፣ ወርቄ። ይችም አልደበቀችኝ። ልንገርሽ እንዴ? አንችን ግራውን አጠባሽ ነበር፣ እሷን ቀኙን። አንች ግራውን እየጠባሽ በእጅሽ ቀኙን ጨብጠሽ አትለቂም ነበር! ይች ከሲታ ስታለቅስ ጣትሽን አንድ በአንድ ነበር የምፈለቅቀው። ያኔም ምቀኛ ነበርሽ!»

የትናየት ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ፍርስ አለች። ወርቄም ሳታስበው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግን አልሳቀችም። ወደ የትናየት ዞረች።

«ስትሄጅ ብቻሽን ሄድሽ።»

የትናየት መሳቋን ተወችና «አዎ። ብቻዬን ሄድኩ» አለች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ አላለችም፣ አክስቴ ናት አላለችም።

«አሁን ደግሞ እናቴን ወሰድሽ።»

«አልወሰድኳትም። በሩ ክፍት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስንት ቀን ገባሽ?»

ወርቄ በልቧ ቆጠረች። ስንት ቀን? ሁለት። ያውም አንዱ የፋሲካ ነው። በቅናት ደጅ ደጁን ዞራ ዞራ እናቷን ለሌላ ሰው የለቀቀች ራሷ መሆኗን አሁን አየችው። ይኸም ቢሆን ቅናቷን አላበረደላትም፣ ጭራሽ በራሷ ላይ አነደደባት። ፎጣውን ከየትናየት ትከሻ ላይ መንጭቃ ወሰደችና የእናቷን እግር አደረቀች። ከጣቷ መሐል ሳይቀር። ከዚያ «ደህና እደሩ» ብላ ወጣች። «እደሩ» ያለችው ለሁለቱ ይሁን ወይስ አንዷን አንቱ ብላ፣ እሷም አታውቅ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ አምስቱም ተሰበሰቡ። ወርቄ የታጠፈችውን ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት። ፊርማ የለባትም።

«እህቴ ናት» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ደርቤ ቃሉን ጠበቀ፣ እጁን አወጣ። ሦስት ለአንድ፤ ስምንተኛው ቤት ለየትናየት ሆነ። ዲኑ እፎይ ብሎ «በሉ ሕሊና፣ ጻፊ። ወይዘሮ ወርቄ፣ እናመሰግናለን፣ አሁን መውጣት ይችላሉ» አለ።

ወርቄ አልተነቃነቀችም። «አንድ ነገር ይጻፍልኝ።»

«ምን?»

«እናታችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ሰኞ ጠዋት እኔ ዘንድ ናት። ጢሱን ጭስ ማውጫ አስቀድጄ አወጣዋለሁ። ይኸ ይጻፍ።»

አቶ ሀብተ ሚካኤል ግራ ገባው። «ወይዘሮ ወርቄ፣ ይኸ እኮ የኮሚቴው ሥልጣን አይደለም።»

«እናቴን በነጥብ መቁጠርስ የማን ሥልጣን ነበር?» አለች።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ዲኑ ወደ ደርቤ አየ፣ ደርቤ ወደ ጣሪያው አየ። በመጨረሻ ዲኑ ለሕሊና ጭንቅላቱን ነቀነቀላትና «ልዩ ልዩ በሚለው ሥር አስገቢው» አላት። ሕሊና ጻፈችው። ወርቄ «አንብቢልኝ» አለች፣ ሁለቴ አስነበበቻት፣ ከዚያ በታች ፊደሎቿን አንድ በአንድ እየጎተተች ወ፣ ር፣ ቄ ብላ ፈረመች። ፖስታው ታሽጎ በሦስት ሰዓቱ ሰርቪስ ወደ ዋናው ግቢ ሄደ።

እሷ ባልዲዋን ሞልታ ወደ አንደኛ ፎቅ ወጣች። ከአንደኛው ቢሮ ጀምራ በቅደም ተከተል ወለወለች። ዘጠነኛው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ጨርቁን አረጠበች፣ ጨመቀች፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን «የትናየት አገኘሁ» የሚለውን እስኪያብረቀርቅ ጠረገችው። «መምህርት» የሚለውን ግን ከነአቧራው ትታው ወደ አሥረኛው በር አለፈች።